የልጆች ትንፋሽ በደጋ ቤት ውስጥ

ጉንፋን፣ ኩፍኝ፣ ትክትክ፣ የሳንባ ነቀርሳና የሳንባ ምች ስማቸው፣ ጠባያቸውና መድኃኒታቸው ይለያያል፤ መንገዳቸው ግን አንድ ነው። አምጪ ጀርሞቻቸው ከአንዱ ሰው ሳንባ፣ ጉሮሮና አፍንጫ በትንፋሽ ይወጣሉ፤ በሌላው አፍንጫና አፍ ይገባሉ። ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲያወራ፣ ሲዘምር፣ ዝም ብሎ ሲተነፍስም ጭምር የመተንፈሻ ቧንቧውን ከሸፈነው እርጥበት እጅግ ጥቃቅን ፍንጣቂዎች ተነጥለው ይወጣሉ። ቫይረሱም ሆነ ባክቴሪያው የሚጓዘው በእነዚህ ፍንጣቂዎች ውስጥ ሆኖ ነው።

ፍንጣቂ ምን ያህል ጊዜ አየር ላይ እንደሚቆይ የሚወስነው መጠኑ ነው። የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ የሚያህለው ትልቁ ፍንጣቂ ከሰው አፍ ወጥቶ በአምስት ሰከንድ ገደማ መሬት ላይ ያርፋል። የዚህ አንድ ሃያኛ የሆነው፣ ነፋስ በማይገባበት ክፍል ውስጥ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይንሳፈፋል። ከሁሉም ያነሰው፣ የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ የሚሆነው፣ እስኪያርፍ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ የሚያስል ሰው የሚያሰጋው ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ብቻ አይደለም። ይህን በግልጽ ካሳዩት ሙከራዎች አንዱ በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የተካሄደው ነው። ሮበርት ራይሊና ባልደረቦቹ ከሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ክፍል የሚወጣውን አየር በቱቦ አሳልፈው ጊኒ ፒግ የሚባሉት ትንንሽ እንስሳት እንዲተነፍሱት አደረጉ። እንስሳቱ ከሕሙማኑ ጋር አንድም ጊዜ ሳይገናኙ በነቀርሳው ተያዙ።

እጅም የራሱ ድርሻ አለው። ልጅ ንፍጡን በእጁ ይጠርጋል፤ በዚያው እጁ የታናሹን ፊት ይዳብሳል። ጉንፋን አምጪ ቫይረሶችና በጨቅላዎች ላይ የሚበረታው አርኤስቪ የተባለው ቫይረስ በዚህ መንገድ በቀላሉ ይሻገራሉ፤ የተነካካ እጅ ዓይንን ወይም አፍንጫን ከነካ ይበቃቸዋል። በሳሙናና በውኃ፣ ሳሙና ሲጠፋም በአመድ እጅን ማሸት ይህን መንገድ ይዘጋል። በአየር የሚመጣውን ግን የታጠበ እጅ አያስቀረውም። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል፤ በየትምህርት ቤቱና በየጤና ተቋሙ ግድግዳ ላይ የእጅ መታጠብ ሥዕል ተለጥፎ ከጎኑ ያለው መስኮት ግን ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከእነዚህ በሽታዎች ሁሉ በፍጥነት የሚዛመተው ኩፍኝ ነው። ሕመምተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት አየሩ ውስጥ ይቆያል፤ ያልተከተቡና ከዚህ በፊት በኩፍኝ ያልታመሙ አሥር ልጆች አብረውት ቢሆኑ ዘጠኙ ሊያዙ ይችላሉ። ሽፍታው ከመውጣቱ አራት ቀን በፊት ጀምሮ ስለሚተላለፍም እናት ልጇ ኩፍኝ እንደያዘው በምታውቅበት ጊዜ የጎረቤት ልጆች ቀድመው ተጋልጠዋል። ትክትክ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ አንድ ጊዜ ከገባ ግን ለሳምንታት ያስላል፣ ከስድስት ወር በታች ያለውን ሕፃን ደግሞ ትንፋሽ እስከማሳጣት ይደርሳል። የሳንባ ምች ጠባይ ከሁለቱም ይለያል። ዋነኛው አምጪ ባክቴሪያ፣ ኒሞኮከስ የሚባለው፣ በብዙ ጤነኛ ልጆች አፍንጫ ውስጥ ምንም ሳያደርግ ይኖራል። ጉንፋን፣ ኩፍኝ፣ ጭስ ወይም የምግብ እጥረት የልጁን መከላከያ ሲያዳክመው ነው ወደ ሳንባ የሚወርደው። በመላው ዓለም በ2019 እ.ኤ.አ. ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ከ700 ሺህ በላይ ሕፃናት በሳንባ ምች ሞተዋል።

በደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል የጀርሙ መንገድ በአገሩ አቀማመጥና በአኗኗሩ ይወሰናል። የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ከእሱ ሥር እስቴና ላይ ጋይንት ይዘረጋሉ፤ ከዚያ ወዲያ ታች ጋይንትና ስማዳ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች እየወረዱ ቆላ ይነካሉ። የደጋው የሌሊት ብርድ ብርቱ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ በር ይዘጋል፤ እሳት ይነዳል፤ ልጆች መደብ ላይ ወይም ቁርበት ላይ ተደራርበው አንድ ጋቢ ወይም አንድ ባና ይለብሳሉ፤ በብዙ ቤት ከብቱም በዚያው ጣሪያ ሥር ያድራል። መስኮት የሌለው ቤት እስኪነጋ ድረስ የታመቀውን አየር ይዞ ያድራል። ከመካከላቸው አንዱ የሚያስል ከሆነ ሌሎቹ ከአሥር ሰዓት በላይ እሱ ያስወጣውን አየር መልሰው ይስባሉ። ቀን ሜዳ ላይ አብረው ሲጫወቱ የማይሻገረው ሌሊት የሚሻገረው በዚህ ምክንያት ነው።

በአካባቢው ለልጅ ሳል ቀድሞ የሚሰጠው ምክንያት ብርድ ነው፤ «ብርድ መታው» ይባላል። አባባሉ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። አራስ ልጅ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ በእርግጥ ይታመማል፤ ቀዝቃዛና ደረቅ አየርም የአፍንጫን መከላከያ ያዳክማል። ብርድ ብቻውን ግን የሳንባ ምች አያመጣም፤ ጀርም ያስፈልጋል። ችግሩ ብርዱን በመፍራት የሚደረገው ነው። በሩ ይጠረቀማል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ልጁ ፊቱ ሳይቀር ይሸፈናል፣ እሳቱ ይጠናከራል። ብርዱን ለማስቀረት ሲባል ጀርሙም ጭሱም ከልጁ ጋር ተዘግቶበት ያድራል። ልጁን ማሞቅና ቤቱን ማፈን አንድ አይደሉም። አራሱ ከእናቱ ገላ ጋር ተጣብቆ፣ ራሱ ቆብ ለብሶ፣ እግሩ ተሸፍኖ ይሞቃል፤ ፊቱ ግን ለአየር ክፍት መሆን አለበት።

በዚህ ቤት ውስጥ ለሕፃን በጣም የሚያሰጋው ብዙ ጊዜ ሌላ ልጅ ሳይሆን ለወራት ሲያስል የቆየ አዋቂ ነው። ሕፃናት የሳንባ ነቀርሳን የሚይዙት በአብዛኛው አብረዋቸው ከሚያድሩ አያት፣ አባት ወይም አጎት ነው። በልማድ የአዛውንት ሳል እንደ ዕድሜ ነገር ይታያል፤ ለልጅ ልጁ ግን አደጋው እዚያ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለው ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታውን ማስመርመር ይገባዋል። መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል። ከሕመምተኛው ጋር የሚኖሩ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችም ተመርምረው ነቀርሳው ከሌለባቸው መከላከያ መድኃኒት ይጀምራሉ።

ጭስ ጀርም አይደለም፤ ለጀርም በር የሚከፍት ግን እሱ ነው። የጋይንት ደጋ ደኑ ከተመናመነ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ እንጀራ የሚጋገረውም ወጥ የሚሠራውም በኩበት፣ በጭራሮና በባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። እነዚህ ብዙ ይጨሳሉ። የመተንፈሻ ቧንቧን ግድግዳ የሸፈኑ በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች አሉ፤ ሥራቸው ከአክታ ጋር ጀርምን ወደ ላይ መጥረግ ነው። ጭስ እነዚህን ያዳክማቸዋል፣ ቧንቧውንም ያቆስለዋል። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ በምድጃ ዙሪያ የሚውል ሕፃን የሚስበው ጭስ ከእናቱ አያንስም፤ ሳንባው ግን ገና እያደገ ያለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ከሚደርሰው የሳንባ ምች ሞት ግማሽ ያህሉ ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ይገልጻል።

መፍትሔው ሁልጊዜ ውድ አይደለም። ከዋናው ቤት የተለየ ማድ ቤት፣ ከጣሪያው ሥር የተተወ የጭስ መውጫ፣ በደንብ የደረቀ እንጨት፣ አገር ውስጥ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ሁሉም ጭሱን ይቀንሳሉ። ወጪ የማይጠይቀው ደግሞ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ሕፃኑን ከጀርባ አውርዶ ለአባቱ፣ ለእህቱ ወይም ለአያቱ መስጠት ነው። ይህ አባቶችን በቀጥታ የሚመለከት ጉዳይ ነው፤ ምጣዱ እስኪነሳ ልጁን ደጅ ይዞ መቀመጥ እንደ ክትባት ሁሉ ልጅን የመጠበቅ ሥራ ነው። ያም ሆኖ የተሻለ ምድጃ ብቻውን በቂ አይደለም። በማላዊ ገጠር ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናት በተከታተለ ሰፊ ጥናት ጭስ የሚቀንስ ምድጃ የተሰጣቸውና ያልተሰጣቸው ቤተሰቦች ተነጻጽረው በሕፃናቱ የሳንባ ምች ላይ ልዩነት አልተገኘም። ቆሻሻ ይቃጠላል፣ ኩራዝ ይጨሳል፣ ጎረቤት ያነዳል። አንዱ የጭስ ምንጭ ሲቀንስ ሌሎቹ እንዳሉ ከቆዩ ልጁ የሚስበው አየር ብዙም አይለወጥም።

የጋይንት ምድር የአብነት ትምህርት ምድር ናት። በድጓ የታወቀችው ቤተልሔምና በዝማሬ መዋሥዕት የታወቀው ዙር አምባ ከሩቅ አገር ተማሪ ሲስቡ የኖሩ ናቸው። በየደብሩ ያለው ጉባኤ በጤና ረገድ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች ገና ልጆች ናቸውና። የቆሎ ተማሪ በጠባብ ጎጆ ከጓደኞቹ ጋር ተጠጋግቶ ያድራል፣ ቁራሽ ፍለጋ ከመንደር መንደር ይዞራል፣ ብዙ ጊዜም በቅጡ ሳይበላ ይውላል። ትምህርቱ ደግሞ በድምፅ ነው፤ ከፍ አድርጎ ማዜምና መቀጸል ከተራ ንግግር ይልቅ እጅግ ብዙ ፍንጣቂ ያስወጣል። በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በስካጊት አካባቢ አንድ የመዘምራን ቡድን በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሲለማመድ 61 ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱ 53ቱ በኮቪድ ታመሙ፣ ሁለቱ ሞቱ።

የአብነት ትምህርት ግን መድኃኒቱንም ከጥንት ጀምሮ በሥርዓቱ ውስጥ ይዞታል። መምህሩ በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በቅጥር ግቢው ተቀምጠው ተማሪዎቹ ዙሪያቸውን ከብበው የሚማሩበት ልማድ ከየትኛውም ዘመናዊ አየር ማጣሪያ የማይተናነስ ጥበቃ ነው፤ ደጅ ላይ የወጣ ፍንጣቂ ወዲያው ይበተናልና። ዝናብ ካልከለከለ በቀር ዜማው ደጅ ቢደረግ፣ የሚያስል ተማሪ እስኪድን ለብቻው የሚያድርበት ጎጆ ቢዘጋጅ፣ አዲስ ተማሪ ሲመጣም ክትባቱን ጨርሶ እንደሆነ መምህሩና የቀበሌው ጤና ኬላ ተነጋግረው ቢያጣሩ ብዙ በሽታ ይቀራል። ይህን ለማድረግ ከሥርዓቱ የሚጣስ ነገር የለም።

ኢትዮጵያ በትንፋሽ የሚመጣ ወረርሽኝን ከሩቅ ጊዜ ጀምሮ ታውቀዋለች። ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ በከተማዋ ብቻ 10 ሺህ ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል፤ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። የኅዳር በሽታ ተብሎ ቀረ፤ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርጎ የማቃጠሉ ልማድም ከእሱ ጋር ይያያዛል። ግቢን መጥረጉ መልካም ነው። ጭሱ ግን ቫይረስን ከአየር አያጠፋም፤ በዚያ ቀን አስም ያለበትን ወይም የሚያስል ልጅ ከጭሱ ማራቅ ይሻላል። ከመቶ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገኘ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በ2013 ዓ.ም. ሲከፈቱ ማስክና ፈረቃ መጣ። ኮቪድ በራሱ ልጆችን እምብዛም አልጎዳም። የተቋረጠው ትምህርት ግን ብዙ ጎዳቸው፤ ወደ ክፍል ያልተመለሱም አሉ። ትምህርት ቤት መዝጋት ከመከላከያዎች ሁሉ ውዱና የመጨረሻው መሆን አለበት፤ መስኮት መክፈት ግን ምንም አያስከፍልም።

አንድ ልጅ ከእነዚህ ሁሉ እንዴት ይጠበቃል? በአንድ ነገር አይጠበቅም። የሣር ቤት ክዳን የሚሠራበትን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። አንድ ረድፍ ሣር ዝናብ አያቆምም፤ በሣሩ መካከል ቀዳዳ አለና ውኃው ያልፋል። ሁለተኛው ረድፍ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ይሸፍናል፤ ሦስተኛው የሁለተኛውን፤ ክዳኑ ሲደራረብ ክረምቱን ይችላል። ክትባቱም፣ የእናት ጡቱም፣ ንጹሕ አየሩም፣ የታጠበ እጁም፣ በጊዜ መታከሙም እያንዳንዳቸው ቀዳዳ አላቸው። ተደራርበው ግን አንዱ ያሳለፈውን ሌላው ይይዛል።

ከሁሉም ጠንካራው ክትባት ነው። ልጅ እንደተወለደ የሚሰጠው ቢሲጂ በጨቅላነት የሚመጣውን ከባድ የነቀርሳ ዓይነት ይከላከላል። በአንድ ወር ተኩል፣ በሁለት ወር ተኩልና በሦስት ወር ተኩል የሚሰጡት ፔንታቫለንትና ፒሲቪ የሳንባ ምች፣ የትክትክና የዘጊ አናዳ መከላከያዎች ናቸው። ፔንታቫለንት በ1999 ዓ.ም.፣ ኒሞኮከስን የሚከላከለው ፒሲቪ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ነው ወደ አገሪቱ መደበኛ ክትባት የገቡት። ኩፍኝ በዘጠነኛው ወር ይከተባል፤ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአሥራ አምስተኛው ወር ሁለተኛ ዙር ተጨምሯል። ብዙ ልጆች ክትባቱን የሚያቋርጡት በዙሮቹ መካከል ነው። ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ልጁ ሲያተኩሰው እናት ትፈራለች፤ እርሻና ደቦ ይበዛል፤ ጤና ኬላው ሩቅ ነው። ሌላም እንቅፋት አለ። አሥር ልጅ የሚከትብ የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ አንዴ ከተከፈተ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል፤ በዚህም ምክንያት ባለሙያዋ ልጆች እስኪሰበሰቡ ድረስ ቀን ትቀጥራለች፣ ባዶ እጇን የተመለሰች እናት ደግሞ ላትመጣ ትችላለች። ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጡን መክፈት ይሻላል። የሚጣለው ክትባት በኩፍኝ ከሚሞት ልጅ ጋር አይመዘንም።

የሕፃኑ የራሱ አቅም የሚገነባው በጡት ነው። እንገሩ መታለብና መጣል የለበትም፤ እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ምንም፣ ውኃም ቢሆን፣ አያስፈልገውም። ለአራስ ቅቤ ማስዋጥ በአካባቢው የቆየ ልማድ ነው፤ ቅቤው ግን ወደ ጉሮሮ ብቻ ሳይሆን ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፣ ከገባም ራሱ የሳንባ ምች ያስከትላል። እንጥል ማስቆረጥም ሳልን አያድንም። ደም ያፈሳል፣ በማይጸዳ ስለት ሌላ በሽታ ያስገባል፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ልጁ ወደ ጤና ኬላ የሚወሰድበትን ቀን ያዘገያል። ፀሐይ መንሳት ደግሞ ቀስ ብሎ የሚጎዳ ነው። ዓይነ ጥላና ምች በመፍራት ሕፃንን ለወራት በጨለማ ማቆየት አጥንትን የሚያለሰልሰውን ሪኬትስ የሚባል በሽታ ያስከትላል፤ የደረቱ አጥንት የለሰለሰ ልጅ ደግሞ በደንብ አስሎ ሳንባውን ማጽዳት ያቅተዋል። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባው የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ያደረጉትና በ1997 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት የሳንባ ምች ከያዛቸው ሕፃናት መካከል፣ ካልያዛቸው ጋር ሲነጻጸር፣ እጅግ በበለጠ መጠን ሪኬትስ ያለባቸው እንደሚገኙ አሳይቷል፤ ልዩነቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ነበር። የጠዋት ፀሐይ በነፃ ይገኛል።

የቤቱን አየር ለማደስ ትይዩ ሁለት ቀዳዳ ይበቃል፤ በርና ከበሩ ማዶ ያለ መስኮት። በፔሩ ሊማ በተደረገ ጥናት መስኮትና በራቸው የተከፈተ የሆስፒታል ክፍሎች በሰዓት 28 ጊዜ ያህል አየራቸው ሲለዋወጥ፣ በማሽን አየር የሚገባላቸው ክፍሎች ከግማሹ በታች ነበሩ። አዲስ ቆርቆሮ ቤት የሚሠራ የእስቴ ወይም የስማዳ አባወራ ግድግዳው ሳይመረግ በፊት በሁለት ፊት መስኮት ቢያስወጣ የልጆቹን ጤና ለሃያ ዓመት ይጠብቃል። ሌሊት መክፈት በማይቻልበት ደጋ ቢያንስ ጠዋት ከብቱ ሲወጣ በሩም መስኮቱም ተከፍቶ ማርፈድ አለበት። የሚያስል ሰው ከሕፃኑ ራቅ ብሎ በሌላኛው መደብ ቢተኛ፣ ጡት የምታጠባ እናት ስታስል አፍና አፍንጫዋን በማስክ ብትሸፍን፣ ማስክ ከሌለም በነጠላ ደርባ ብትጋርድ ይረዳል። ጡቷን ግን መንሳት የለባትም። ለጨቅላ ማስክ አይደረግም፤ ትንፋሹን ሊያፍነው ይችላል።

እነዚህ ሁሉ ተደራርበውም ልጅ ይታመማል። ያን ጊዜ የሚያድነው ፍጥነት ነው። ከ1995 ዓ.ም. የጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ጤና ኬላ አቁሞ በአብዛኛው ሁለት ሴት ባለሙያዎች መድቧል፤ ቆየት ብሎም እነዚሁ ባለሙያዎች የሳንባ ምችን ራሳቸው ለይተው በአሞክሲሲሊን እንዲያክሙ ተፈቀደላቸው። መለያው ያለ መሣሪያ የሚታይ ነው። ሕፃኑ ጸጥ ባለበት ጊዜ፣ ልብሱ ገለጥ ተደርጎ፣ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹ ይቆጠራል። ከሁለት ወር በታች ከሆነ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ልጅም የሳንባ ምች አለበት። መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የበላውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው፣ ራሱን የሳተ ልጅ ደግሞ አንድ ሰዓትም ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ከሆነ ትኩሳት ወይም የሰውነት መቀዝቀዝ ብቻውን ይበቃል።

ይህ የመጨረሻው ረድፍ፣ በጊዜ መታከሙ፣ በእነዚህ ወረዳዎች በተደጋጋሚ ተቀዷል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫ ሲደርስ የከተማዋ ሆስፒታል ተዘርፏል፣ ተጎድቷልም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገድ እየዘጋ ክትባትና መድኃኒት ወደ ቀበሌ የሚደርስበትን ቀን እያራዘመ ነው። ክትባት ያለፈው ልጅ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ አይተውም፤ መንገድ በተከፈተ ቀን ካቆመበት ይቀጥላል። ተፋላሚ ወገኖች የክትባት ሣጥን የያዘን ሰው ያለ ጥያቄ ማሳለፍ አለባቸው፤ ኩፍኝ የሁለቱንም ልጆች ይገድላል።

ከፍታውም የራሱ ነገር አለው። ነፋስ መውጫን በመሰለ፣ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ባለ ቦታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህሉ ነው፤ ጤነኛ ልጅ ለምዶት ይኖራል፣ ሳንባው በታመመ ጊዜ ግን ኦክስጅን ቶሎ ያጥረዋል። ከንፈሩና ምላሱ የጠቆረ ወይም የሰማያዊ መልክ ያወጣ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያቃስት ልጅ ከመድኃኒቱ ጋር ኦክስጅን ያስፈልገዋል፤ ያም የሚገኘው ጤና ኬላ ላይ ሳይሆን ሆስፒታልና የተሟላላቸው ጤና ጣቢያዎች ውስጥ ነው። በጤና ኬላ አሞክሲሲሊን የተጀመረለት ልጅ አምስቱን ቀን ሙሉ ይወስዳል፤ በሁለተኛው ቀን ቢሻለውም አይቋረጥም፣ ለታመመ ወንድሙም አይካፈልም። ጡት፣ ምግብና ፈሳሽ ሳይቀነስ ይሰጠዋል። ከሁለት ቀን በኋላ ትንፋሹ እንደገና ይቆጠራል፤ ካልቀነሰ ወይም ከባሰበት ባለሙያዋ የማስተላለፊያ ወረቀት ጽፋ ወደ ላይ ትልከዋለች።